በቀን 10 ገጽ፦ የቤታችን የዓመት የንባብ ውል



መስከረም በመጣ ቁጥር ሁላችንም ዕቅድ እናወጣለን። «ዘንድሮ አነባለሁ» የሚለው ዕቅድ ግን ከሁሉም ቀድሞ ይረሳል። ጥቅምት ሳይጋመስ መጽሐፉ ራስጌ ላይ አቧራ ይለብሳል፤ እኛም ስልክ በእጃችን እንደያዝን እንቅልፍ ይወስደናል። በ2017 ዓ.ም. እኛ ቤት የዓመት የንባብ ውል ገብተን ነበር። እኛ ስንል ባልና ሚስት፣ የ5ኛ ክፍል ሴት ልጃችንና የ7 ዓመት ወንድሟ ነን። ዓመቱን እንዴት እንደጨረስነውና ምን እንዳተረፍንበት ልናካፍላችሁ ወደድን። ለአንዳችሁ ቤት ይጠቅም ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

ለምን ጀመርነው?

ምክንያቱ ልጃችን ናት። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች። ቁርኣኑንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከመድረሳ ኡስታዟ ዘንድ እየቀራች ጥሩ ደርሳለች። አማርኛ ሲሆን ግን ፊደል በፊደል እየለቀመች ነበር የምታነበው። አፍ የፈታችበት፣ ደሴ ካሉት አያቷ ጋር በስልክ የምታወራበት ቋንቋ ወረቀት ላይ ሲሆን ባዕድ ሆነባት። ይህ የእሷ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ከተማ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ያውቃል።

የሚያሳዝነው ደግሞ እማማ፣ ማለትም አያቷ፣ ፊደል የቆጠሩት ወልደው ከከበዱ በኋላ መሆኑ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን ተማሩ። እሳቸው በዚያ ልፋት ያገኙትን የልጅ ልጃቸው ሁሉ ነገር ሞልቶላት ልታጣው ነው። ሕፃን ልጅን «አንብቢ» ብሎ ማዘዝ ደግሞ ብዙ አያስኬድም፤ ልጅ የሚሠራው የነገሩትን ሳይሆን ያየውን ነው። ስለዚህ አስቀድመን እኛ ለማንበብ ተነሣን።

ውሉ ምን ይመስል ነበር?

ብዙ ሰው የዓመት ንባቡን በመጽሐፍ ብዛት ያቅዳል፦ በዓመት 30፣ በዓመት 50 እያለ። እኛ ይህን አልመረጥንም። ብዛት ሲቀድም ሰው ቀጭን ቀጭኑን ያነሣል፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ሁልጊዜ ለከርሞ ይተላለፋል። ስለዚህ የቆጠርነው ገጽ ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 10 ገጽ፣ ለልጃችን 2 ገጽ።

ዘዴውን ከሩቅ አላመጣነውም። ረመዳን ላይ ቁርኣንን ለማኽተም ያሰበ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። በብዛት በእጃችን ያለው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። ከአምስቱ ሶላቶች በኋላ አራት አራት ገጽ የቀራ ሰው በቀን 20፣ በ30 ቀን 600 ገጽ ይደርሳል፤ የሚቀሩት አራት ገጾች ብቻ ናቸው። 604 ገጽ በአንድ ላይ ሲያዩት ያስፈራል። አራት ገጽ ግን ማንንም አያስፈራም። ደግሞ ሰዓቱን አንፈልገውም፤ ከሶላቱ ጋር ስለታሰረ ራሱ ይመጣል።

እኛም የመጽሐፉን ንባብ ከመግሪብ ጋር አሰርነው። አዲስ አበባ ላይ በመግሪብና በዒሻእ መካከል ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ አለ። ከመግሪብ መልስ ስልኮቻችን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም መጽሐፉን ይይዛል። 10 ገጽ በእኛ ፍጥነት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። እራት እንኳ አያዘገይም።

የሀገራችን የዘመን አቆጣጠርም ለዚህ የተመቸ ነው። አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በወር 300 ገጽ። አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ውዝፍ መክፈያ አደረግናቸው። ረመዳን በ2017 ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት 20 ገደማ ስለነበር ያንን ወር ከውሉ አውጥተን ለቁርኣን ተውነው። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ዕቅድ የምታወጡ ሰዎች አስቀድማችሁ አስቡበት። እንግዲህ የቀረው 330 ቀን ነው፤ በድምሩ 3,300 ገጽ።

የመጽሐፍ ዋጋስ? እውነት ነው፣ ተወዷል። እኛ አዲስ የገዛነው ሁለት ብቻ ነው። ሌላውን ከጓደኛ ተውሰን፣ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት መርጠን አሟላን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹን ይዘን በ2014 ዓ.ም. ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ አራት ኪሎ፣ እንሄድ ነበር።

ያላሰብነው በረከት

መስከረም ማለቂያ ላይ እማማ ደውለው «ይሄ ከመግሪብ በኋላ ስልክ የማታነሡት ምን ሆናችሁ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እኔማ ዐይኔ ደክሟል፤ ፊደሉ አንድ ላይ ይሄድብኛል» አሉ። ከዚያም፦ «እስቲ ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቡልኝ። ያኔ በሬዲዮ ነበር የሰማሁት፤ መጨረሻውን አላገኘሁትም» አሉን።

በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሁሉ ሰምቶታል። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። በቁጥር የምንወዳደር ቢሆን ኖሮ አንነካውም ነበር። በቀን 10 ገጽ ግን ጥቅምት 1 ጀምረን ኅዳር ማለቂያ ላይ ጨረስነው። የምንወደውን ክፍል እየመረጥን በስልክ እናነብላቸዋለን፤ ልጃችን ደግሞ የራሷን ሁለት ገጽ ለእሳቸው ታነባለች። መጀመሪያ ላይ ስትደናቀፍ እማማ ታግሠው ይጠብቋታል። ስትሮጥ ደግሞ «ቆይ እስቲ! ሰውየው ምን አለ? ድገሚልኝማ» ይሏታል። አስተማሪ በስንት ልመና የማያገኘውን ትዕግሥት አያት በነፃ ሰጠች።

አንድ ማታ ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮ የሚያወሳው ጋ ደረስን። ቤቱን ጥሎ፣ የለመነውን በልቶ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ስለሚማረው ልጅ። እማማ አቋረጡን፦ «የእኛም ደረሳ እንዲሁ ነበር እኮ!» ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ታጠፈ። አባታቸው ወሎ ውስጥ ከአንድ ሸይኽ ወደ ሌላ ሸይኽ በእግር እየሄዱ መቅራታቸውን፣ ኪታባቸውን በቆዳ ከረጢት አንግተው በየደጁ «ስለ አላህ» ብለው ቁራሽ እየለመኑ መማራቸውን አጫወቱን። በቀን ጥቂት መስመር ይሰጣቸዋል፤ እሱን ሳያጠሩ ወደ ሌላው አይሻገሩም። በእጃቸው የገለበጡት አንድ ኪታብም ደሴ፣ ሳጥን ውስጥ መኖሩን ነገሩን። ስንት ዓመት ያ ቤት ስንገባ ስንወጣ ስለዚህ ሰምተን አናውቅም ነበር። ማንም አልጠየቃቸውማ!

ሐምሌ ላይ ልጆቹን ይዘን ሄድን። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ኪታቡም ወጣ። ልጃችን ዐረብኛውን ፊደል ስላወቀችው ከላይ ያለውን መስመር ቀስ ብላ አነበበችው። እማማ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉላት።

ዓመቱ እንዴት አለቀ?

ውሉ አልሞላም። ከሁለታችን አንዳችን 2,870፣ ሌላችን 2,410 ገጽ ላይ ጳጉሜን አለቀች። ግንቦት ላይ ትንሹ ልጅ ታሞ ሁለት ሳምንት መጽሐፍ አልተነካም፤ እንግዳ የበዛበት ሳምንትም ነበር። ግን ሒሳቡን እዩት፦ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለታችን አንድ ላይ አንድ መጽሐፍ አልጨረስንም። ልጃችን አሁን አማርኛ ስታነብ አትለቅምም። ታናሿም «የእኔ ገጽ የታል?» ማለት ጀምሯል።

ለመጀመር ላሰባችሁ ሦስት ነገር እንበል፦

1. ብዙ አትነሡ። 10 ገጽ ከበዛ 5 ይሁን። በቀን 5 ገጽ በዓመት 1,800 ገጽ ነው።

2. የማይቀር ነገር ላይ እሰሩት። ሶላት ይሁን፣ የቡና ሰዓት ይሁን፣ የታክሲ ሰልፍ ይሁን፤ «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት ግን አይመጣም።

3. የሚሰማችሁ ሰው ፈልጉ። በየቤታችን ማንበብ እየፈለገ ዐይኑ የደከመ፣ ወይም ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኘ እናት፣ አባት፣ ጎረቤት አለ። እሱን አንባቢ ብላችሁ ቁጠሩት። እኛ የእማማን ገጽ ከእኛው እኩል መዝግበናል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎቻችን ብዙ ነገር ይዘው ነው ዝም ያሉት። የሚከፈቱት ሲጠየቁ ነው፤ አንዳንዴም አንድ ገጽ ሲነበብላቸው። ዕድሜያቸውን አላህ ያርዝምልን፤ ሳያልፉን እንድንጠይቃቸውም ይወፍቀን።

እናንተስ ዘንድሮ ለማን ልታነቡ አስባችኋል?