ከሞንትቤሎ እስከ ሌድቪል፦ የቅዳሜ ሯጮች

ሩጫ ሲባል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶሎ ትዝ የሚለን ወርቅ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከዚህ የተነሣ እዚህ አሜሪካ የሥራ ባልደረባችን ሁሉ «አንተማ ሯጭ ሳትሆን አትቀርም» ይለናል። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የምንሮጠው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሥራ ነው። ዛሬ ለአንባቢያን የማወጋው ስለ ወርቅ አይደለም። ማንንም ሳያሸንፉ በየቅዳሜው ረጅም መንገድ ስለሚሮጡ አምስት አበሾችና ስለሚሮጡበት ምድር ነው። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ሞንትቤሎ በዴንቨር ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ የሚገኝ ሰፈር ነው። በደቡብ 70 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ በሰሜን 56ኛው ጎዳና ያዋስኑታል። በ1995 የተከፈተው ትልቁ ኤርፖርት ቅርብ ስለሆነ ታክሲ ነጂውም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም፣ ሻንጣ ጫኙም እዚህ ቤት ይከራያል። እንጀራና ቡና ሲያምረን ደግሞ አጠገባችን ወዳለችው አውሮራ እንወርዳለን።

ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ፣ ማለትም 1,609 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንግዳ ፈረንጅ «አየሩ ሳሳብኝ» ብሎ ሲያለከልክ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ የተወለደው የአዲስ አበባ ልጅ ይስቃል። ሆኖም አሥራ አምስት ዓመት ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳንባው አገሩን ይረሳል፤ ሳቁም ከሁለተኛው ማይል አያልፍም።

ከ56ኛው ጎዳና ማዶ የምናየው ሜዳ ጉድ ያለው ነው። በ1942 የአሜሪካ ጦር የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ ሠራበት። መጀመሪያ የሰናፍጭ ጋዝ፣ በኋላም ሳሪን የሚባለው ነርቭ ገዳይ ተመረተበት። የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደሆነ ከማይጨው ጊዜ ጀምሮ ለሚያውቅ አበሻ ይህ ባዶ ታሪክ አይደለም። ሰው የማይገባበት ስፍራ በመሆኑ ግን አራዊቱ ተመቻቸው፤ በ1986 ንሥሮች ሲያርፉበት ታዩ። በ1992 በሕግ የዱር አራዊት መጠለያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከብዙ ጽዳትም በኋላ በ2007 ባይሰን የሚባሉት የአሜሪካ ጎሾች ገቡበት። አሁን ወደ 6,000 ሄክታር የሚሆን መጠለያ ነው። እኛ አጥሩን ይዘን ስንሮጥ፣ ጎሾቹ በጧት ጉም ውስጥ ቆመው «እነዚህን ደግሞ ማን ያሳድዳቸዋል?» የሚሉ ይመስላሉ።

ወደ ደቡብ ስንዞር ሳንድ ክሪክን የተከተለ ወደ 22 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አለ። እሱም አውሮራ ላይ ሃይ ላይን ከሚባለው ቦይ ጋር ይገናኛል። ይህ ቦይ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለመስኖ የተቆፈረ ሲሆን ርዝመቱ 114 ኪሎ ሜትር ነው። ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ፣ በሀብታሞቹ ሰፈር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አልፎ፣ ጭራው እኛው ሰፈር አጠገብ ያልቃል። ውኃው ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ መንገዱ ግን ይደርሳል።

አሯሯጣችን የአገር ቤት ነው፤ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ። ማይክል ክሮውሊ የተባለ ብሪታኒያዊ አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። በጣም የደነቀው፣ በእኛ አገር ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንደ ደግ አለመታየቱ ነው። እኛ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም፤ የመጣብን ግን በሌላ በኩል ነው።

አምስታችን ከጎንደር፣ ከአምቦ፣ ከደሴ፣ ከመቀሌና ከአዲስ አበባ ነን። በኖቬምበር 2020 አገር ቤት ጦርነት ሲነሣ እዚህም ሰው ከሰው ተቆራረጠ፤ አብሮ ክርስትና የተነሣ ሰላምታ ተነፋፈገ። የመቀሌው ልጅ ስልክ ተቋርጦ፣ እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ ወራት አለፉ። በ2021 መገባደጃ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የደሴው ልጅ እኅት ልጆቿን አዝላ ተሰደደች። ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። ቅዳሜ ጧት መምጣት ግን አላቆሙም። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሦስታችን መሀል ሆነን ሮጥን።

በሰልፍ ሲሮጥ፣ ከፊት ያለው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ወደ ታች ያመለክታል፤ ተከታዩም ለቀጣዩ ያስተላልፋል። የመቀሌው ልጅ ከፊት ሲሆን አንድም ቀን ማመልከት አልተወም። ምልክቱ በሦስታችን እጅ አልፎ ደሴው ዘንድ ይደርሳል። ከዓመት በላይ የተነጋገሩት በዚህ ብቻ ነው። እኛም ምክር አልሰጠንም፣ ሽማግሌም አልላክንም፤ ሰልፉን ብቻ አልበተንነውም።

አሁን ወደ ሌድቪል ልውሰዳችሁ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና የምታስኬድ፣ 3,100 ሜትር ላይ ያለች የማዕድን ከተማ ናት። በ1982 ትልቁ የማዕድን ጉድጓድ ሥራ ሲያቆም ሺዎች ከሥራ ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ከተማዋን ለማዳን የ100 ማይል ሩጫ ተጀመረ። 161 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነው፤ 3,840 ሜትር የሚደርሰው ሆፕ ፓስ ሁለት ጊዜ ይወጣል። በ1993 ያሸነፈው ከሜክሲኮ ታራሁማራ ሕዝብ የመጣው የ55 ዓመቱ ቪክቶሪያኖ ቹሮ ነበር። እግሩ ላይ የነበረው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ፣ እኛ በረባሶ የምንለው ነው።

በዚህ ሩጫ አንድ ደግ ሕግ አለ። በመልሱ ጉዞ ሯጩ ጓደኛ ይፈቀድለታል፤ ጓደኛውም ውኃውን፣ ስንቁንና ልብሱን ሊሸከምለት ይችላል። ለቀድሞዎቹ የማዕድን ጫኞች መታሰቢያ ሥራውን «በቅሎ መሆን» ይሉታል። ለ2023ቱ ሩጫ ዕጣ የወጣው ለደሴው ልጅ ነበር። በቅሎ ማን ይሁን ብለን ስንመካከር፣ የመቀሌው ልጅ ጫማውን እያሰረ «እኔ ነኝ» አለ። ከመካከላችን አንዱ «አባትህ ማነው?» ሲለው «ፈረስ አጎቴ ነው» ብሎ አሳቀን። ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በሶ ጭብጦውንና ውኃውን ተሸክሞለት ሮጠ። በማግሥቱ ጧት ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ በዋናው መንገድ ብቅ አሉ፤ ያ ሰው በ30 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ የሚሰጠውን የቀበቶ ዘለበት ተቀበለ። ሌሊቱን ምን እንዳወሩ ጠየቅን። «ስለ እግር ጥፍር» አለ የመቀሌው ልጅ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ለሌላው እናት በየበዓሉ ይደውላል።

ሩጫ ጦርነትን አያስታርቅም፤ በእኛ አምስት ሰዎች ሩጫ የተሻረ የአገር ቁስል የለም። ነገር ግን መነጋገር ለማይቻልበት ጊዜ አብሮ መሆኛ ነገር ያስፈልጋል። ለእኛ ያ ነገር ይህ መንገድ ሆነ።

መሞከር ለሚፈልግ ወገን፦ ደምና ስኳር ያለበት ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ውኃ፣ ጨውና በሶ ይያዝ። በበጋ ተራራ ላይ ከሆነ ከቀትር በፊት ይውረድ፣ የሮኪ መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ፈጣን መሆን አያስፈልግም፤ ሰልፉ የሚሄደው በመጨረሻው ሰው እግር ነው። የምንነሣው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ በአበሻ ቀጠሮ ሳይሆን በሰዓቱ።