ፍቅፋቂው የት ሄዶ ነበር?

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ የሠራህልኝ መስኮት እያለቀሰ ነው» አሉኝ።

ሄድኩ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ነው፣ ከተገጠመ ገና ሁለት ክረምቱ። የታችኛው ሐዲድ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ነፋስ በነፋ ቁጥር ወደ ሳሎን ይገለበጣል። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ጠርተው ኖሮ ዙሪያውን በሲሊከን ለጥፎላቸዋል። (እኛ አገር ውሃ ያስገባ መስኮት ሁሉ መድኃኒቱ ሲሊከን ነው።) በውጭ በኩል ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጎርጎር ሳደርጋቸው መጀመሪያ ጭቃ፣ ከጭቃው ጋር የሚያብረቀርቅ ነገር ወጣ። ፍቅፋቂ። ያው የእኔ መቁረጫ ራውተር የላጠው፣ እኔው የአሉሚኒየሙ ፕሮፋይል ሆድ ውስጥ ዘግቼ የሸጥኩላቸው።

ለማያውቅ ሰው፦ ከሐዲዱ ላይ የወረደ ውሃ በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጣም። መጀመሪያ ወደ ፕሮፋይሉ ባዶ ሆድ ይገባል፣ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በተከፈተው የውጭ ቀዳዳ ይፈሳል። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት የማይገጥሙት ነፋሱ ውሃውን መልሶ እንዳይገፋው ነው። ፍቅፋቂው የሚቀረው እዚያ መሀል ላይ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ብቻውን ውሃ አይዘጋም። አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ጭቃ ይሆናል።

እኔ ደግሞ «አጽድቻለሁ» ባይ ነበርኩ። ቀዳዳውን አወጣለሁ፣ የኮምፕሬሰሩን ሽጉጥ በፕሮፋይሉ አፍ ሰክቼ እለቅበታለሁ፣ ብር ብሎ ይወጣል፣ አበቃ። ግማሹ በተከፈተው ቀዳዳ ወጥቶ የረዳቴን ፊት ይመታል፣ ግማሹ ማዕዘኑ ጋ ሄዶ ይወተፋል። አሜሪካኖች ለጽዳት የሚለቀቅ የታመቀ አየር ከ2 ባር ገደማ እንዳይበልጥ በደንባቸው ከልክለዋል፤ እኛ በ7 እንለቀዋለን፣ ያውም ያለ መነጽር።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ከጽዳቱ በፊት፣ ገና ቀዳዳው ሲወጣ ነው። ርካሽ ነው ብዬ የገዛሁት የራውተሩ ፑንታ ባለ ሦስት ጥርስ ነበር። በጥርሶቹ መሀል ያለው ቦይ ጠባብ ስለሆነ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፣ እዚያው ተመልሶ ይቆረጣል፣ ይግላል፣ ፑንታው ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። ይሄኔ ድምፁ ይቀየራል፣ ያፏጫል። ሠራተኛው ይፈራና ዝግ ይላል። ዝግ ሲል ይብስበታል፤ ጥርሱ መቁረጡን ትቶ ያሻል፣ የሚወጣውም እንደ ዱቄት ነው።

አሁን ባለ አንድ ጥርስ ነው የምጠቀመው። በደቂቃ 12,000 ዙር ሲዞር በየዙሩ 0.05 ሚሊሜትር ካነሳ በሰከንድ 10 ሚሊሜትር ይሄዳል። 30 ሚሊሜትር ቀዳዳ በ3 ሰከንድ አለቀ ማለት ነው። የሚወጣው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር ነው፣ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። በእጅ ዘገን አድርጋችሁ እዩት፤ ዱቄት ከሆነ ሥራው ተበላሽቷል።

ስቆርጥ ለማለስለሻ ነጭ ጋዝ መቀባቱን አልተውኩም፣ ግን በብሩሽ ጫፍ ብቻ። የበዛ እንደሆነ ፍቅፋቂውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ አየር አይነቅለውም። አየሩንም ከላይ ወደ ታች መልቀቅ ትቻለሁ፤ ቁልቁል ሲነፋ ወደ ሆዱ ነው የሚያስገባው። ከጎን ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ከማዶ የቫክዩም ቱቦ ይቀበላል። የፕላስቲክ ፕሮፋይል ሲሆን ደግሞ ቫክዩም ብቻ ነው፤ ፍቅፋቂው በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚጣበቅ ብትነፉት ቦታ ይቀይራል እንጂ አይወጣም።

ማዕዘኑ ከመገጠሙ በፊት ፕሮፋይሉን አቁሜ በጎማ መዶሻ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ከዚያ ገመድ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሬ ሆዱ ውስጥ እጎትታለሁ፣ ጠመንጃ እንደሚወለወለው። ረዳቴ መጀመሪያ ሰሞን ስቆ ነበር። ጨርቁ ይዞት የወጣውን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

የእናታችንን መስኮት ፈትቼ አጠብኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። አንድ ጆግ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፈሰስኩ፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች እኩል ለቀቁት። እማማ ግን ዓይናቸው ዙሪያውን ከተለጠፈው ሲሊከን ላይ አልተነሳም።

«ይሄንንስ ማን ይፍቅልኝ?» አሉ።

ካራዬን አወጣሁ።