ከዶርዜ ጓሮ እስከ ጓሮዬ

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ዶርዜ ወጣሁ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። በቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤት ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው ያድራል። ጠዋት እመቤቲቱ ፍጉን በቅርጫት አውጥታ እንሰቱ ሥር ደፋችው። የፋብሪካ ማዳበሪያ የለ፣ የተባይ መድኃኒት የለ፤ ቅጠሉ ግን ከራሴ በላይ ጥላ ጥሏል። ቀናሁ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ከጎረቤት እርጥብ እበት አምጥቼ ሰላጣዬ ሥር በተንኩ። ሰላጣው ለመለመ። የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ግን በበላ ማግስት ተቅማጥ ያዘው፤ ሦስት ቀን ተሰቃየ። ስንቷን እናት ስመክር የኖርኩ ነርስ፣ ኦአርኤስ እየበጠበጥኩ በራሴ አፈርኩ። ሰላጣው ነው ብዬ አልምልም፤ እርጥብ እበት የተቅማጥ ጀርም እንደሚይዝ ግን አውቅ ነበር። እንሰቱ እኮ ቆጮ ሆኖ፣ ተብላልቶ፣ በእሳት በስሎ ነው የሚበላው። ሰላጣ ጥሬውን!

አሁን እበቱ ከደረቅ ቅጠልና ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይከርማል። እያገላበጥኩ፣ ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር እስኪመስል አልነካውም። ያም ሆኖ የማለብሰው ጎመኑንና ድንቹን ነው። ልጁ ውኃ ማጠጫውን ይዞ ይከተለኛል፤ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስም፣ «እማማ፣ በሰለ?» ይለኛል።