የእህቱ ሕዋሳት

ታላቅ ወንድሜ በደም ካንሰር ታሞ በምንኖርበት በሙኒክ ከተማ ሲታከም፣ መቅኒ ለመለገስ ሦስት እህቶቹ ተመረመርን። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ለዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ የመግጠማቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። የገጠምኩት እኔ፣ የመጨረሻዋ ሆንኩ።

ንቅለ ተከላው ሲይዝ የወንድሜን ደም የሚያመርተው የእኔ መቅኒ ሆነ፤ ስለዚህም በደሙ ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት የሴት ነበሩ። ሐኪሞቹ የሚከታተሉትም በዚሁ ነው፤ በናሙናው የወንድ ሕዋስ ካልታየ ደግ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ሚስቴን ማን ይንገራት?» ብሎ ሳቀ።

በዘጠነኛው ወር የወንዱ ሕዋስ ተመልሶ ታየ። ካንሰሩ አገርሽቷል።

ሐኪሙ እንደገና አስጠሩኝ። አሁን የፈለጉት መቅኒ ሳይሆን ሊምፎሳይት የሚባለውን፣ ሰውነትን ከባዕድ የሚጠብቀውን ነጭ የደም ሕዋስ ነበር። ቀድሞ የሰጠሁት አካሉን እንዳያጠቃ በመድኃኒት ታፍኖ ኖሯል፤ አሁን መድኃኒቱ ቆሞ ትኩስ ኃይል ይጨመርለታል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሐሳቡ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ሲያትል የነበሩ ተመራማሪዎች የለጋሹ ሕዋሳት አካላቸውን ያጠቁባቸው ሕሙማን ካንሰሩ እምብዛም እንደማይመለስባቸው አስተዋሉ። በ1990 እዚሁ ሙኒክ ፕሮፌሰር ሃንስ ዮኸም ኮልብና ባልደረቦቻቸው፣ ሕመሙ ላገረሸባቸው ሦስት ሰዎች የለጋሾቻቸውን ነጭ ሕዋሳት ሰጥተው መልካም ውጤት ማግኘታቸውን አሳተሙ። በ1995 የታተመው የ135 ሕሙማን ጥናት ግን ካንሰር ሁሉ እኩል እንደማይሸነፍ አሳየ። ሥር በሰደደው የማይሎይድ ዓይነት ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ ሲድን፣ ወንድሜን በያዘው በአጣዳፊው የማይሎይድ ዓይነት ከሦስት አንድ እንኳ አልሞላም።

በሁለቱም ክንዶቼ መርፌ ገባ። ደሜ በአንዱ ወጥቶ፣ በማሽን ተጣርቶ፣ በሌላው ይመለሳል። አራት ሰዓት ፈጀ። ከንፈሬን ሲወረኝ ካልሲየም ሰጡኝ፤ አፍንጫዬን ሲያሳክከኝ ግን የማክበት እጅ አጣሁ። ለወንድሜ የተሰጠው የመጀመሪያው መጠን አንዲት ስኒ የማይሞላ ነበር። የቀረው በከረጢት ተከፋፍሎ በብርቱ ቅዝቃዜ ተቀመጠ። ለምን ይህን ያህል ቆጠቡት ብዬ ቅር ተሰኘሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ገባኝ። የወንድሜ መዳፍና ጀርባ ቀላ፣ አፉ ቆሰለ፣ ሾርባ መዋጥ አቃተው። ሐኪሙ ቁስሉን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሕዋሳቱ መንቃታቸውን ያሳያል አሉኝ፤ ካንሰሩንም ቆዳውንም ባዕድ ብለው ነው የሚይዙት። ወደ ጉበትና ወደ አንጀት ከዘለቀ ግን ሊገድለው ይችላል። በትንሹ የሚፈልጉትን ነገር በብዙው ይፈሩታል።

እናታችን ከደሴ ደወለች። «ልጄ፣ ደምሽ ተስማማው?» አለችኝ።

«ተስማምቶታል እማዬ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

በዚያ ሌሊት ጀርባውን ቅባት ስቀባው «የማቃጥልህ እኔ ነኝ እኮ» አልኩት።

«በልጅነትሽም ትቧጭሪኝ ነበር» አለኝ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ምርመራ የወንዱ ሕዋስ ከመቶ 12 ወደ 3 ወርዶ ተገኘ። ቁስሉ ግን ገና አልደረቀም፤ እስኪደርቅም ሁለተኛው ከረጢት አይሰጠውም። ስሜ የተጻፈባቸው አራት ከረጢቶች ሆስፒታሉ ውስጥ እንደቀዘቀዙ ናቸው። የሚቀጥለው ምርመራ ሐሙስ ነው።