የፒያሳው ባሕር

በልጅነቴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ደህና ሳሎን ያለው ቤት ሁሉ ቡፌ ነበረው። ከመስታወቱ ጀርባ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ የቡና ስኒ፣ ከውጭ አገር የመጣ ብርጭቆ ይደረደራል። የጎረቤታችን የጋሽ መርከበኛ ቡፌ ግን ከሁሉም ይለይ ነበር። ሰፈሩ በዚህ ስም የሚጠራቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ስለሚያገለግሉ ነው። ለዕረፍት በመጡ ቁጥር ከሻንጣቸው አንድ ነገር አይጠፋም፤ ትልቅ ዛጎል፣ የደረቀ ኮከብ ዓሣ፣ አንድ ጊዜም ክንድ የሚያህል፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ነጭ ድንጋይ።

ያ ድንጋይ ከቡፌው የሚወጣው ለዘመን መለወጫ ቤቱ ሲጸዳ ነበር። ባለቤታቸው ሳፋ ውስጥ ነክረው በጥርስ ብሩሽ ሲያሹት እኔ ሳፋውን ይዤ እቀመጣለሁ። በጣቴ ስነካው ይቧጭራል። ጠጋ ብዬ ሳየው መላ አካሉ ጥቃቅን ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ከዳር ወደ መሃል የተሰደሩ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉ። ማን እንደቀረጸው ጋሽ መርከበኛን ጠየቅኋቸው።

«ማንም አልቀረጸውም፤ ራሱ ነው የሠራው። ኮራል ይባላል። ይሄ የምታየው አጥንቱ ነው። ባሕር ውስጥ ሳለ ነጭ አይደለም፤ ቡኒ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። ሥጋ አለው፤ ይበላል።»

ድንጋይ ይበላል ማለት ለልጅ ጆሮ ተረት ነው። ጋሽ መርከበኛ ግን ተረት የሚያወሩ ሰው አልነበሩም፤ ስለዚህ ነገሩ ለዓመታት በሆዴ ተቀመጠ።

እሑድ እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ መልስ አባቴ ፒያሳ ኬክ ቤት ይወስደኝ ነበር። ከእነዚያ ኬክ ቤቶች በአንደኛው ጥግ ላይ ወርቃማ ዓሦች የሚዋኙበት የመስታወት ሳጥን ነበር። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ዓሣ በጾም የሚጠበሰውን ቆሮሶ ብቻ ነው። አረፋው ሽቅብ ሲወጣ፣ ዓሣው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ትኩስ ወተቴ እስኪበርድ ፊቱ ተገትሬ እቀራለሁ። ኮራሉን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም። እነዚያ ዓሦች የሚኖሩት ጨው በሌለው ውሃ እንደሆነ፣ ኮራል ግን ያለ ጨው ውሃ እንደማይኖር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ ሲስተር ከጅዳ ሲመለሱ ነው።

ሲስተር ነርስ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን አቁመው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል እንግዳ መቀበያ ውስጥ አንድ የባሕር አኳሪየም ነበር። የሚንከባከበው ሰው በማይኖርበት ጊዜ እሳቸው እያገዙ፣ ቀስ በቀስ ሥራውን ተማሩ፤ ከዚያም ወደዱት። አዲስ አበባ ሲገቡ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ያንን ባሕር ቤታቸው ውስጥ ማኖር ሆነ።

ቤታቸው ከአራዳ አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ባለ እንጨት በረንዳ፣ ፎቁ ጣውላ። 300 ሊትር ውሃ ብቻውን 300 ኪሎ ይመዝናል፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመርበት 400 ያልፋል። ስለዚህ ፎቁ ቀርቶ ምድር ቤት፣ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ተወሰነ። መስታወት ቆራጩ 12 ሚሊ ሜትር መስታወት አመጣ። ብየዳ ቤቱ የብረት እግር ሠራ። ጥጉ በሲሊኮን ተያያዘ። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ፈላጊ ወጣት ነበርኩ፤ ጄሪካን ተሸክሜ ገባሁና በዚያው ተማሪያቸው ሆኜ ቀረሁ።

ትልቁ ጉዳይ ውሃው ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። የአሮጌ ቤት ቧንቧና መክፈቻ ደግሞ መዳብ ሊጨምርበት ይችላል፤ መዳብ ለሽሪምፕና ለባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ሲስተር ውሃውን በጥብቅ ማጣሪያ እያሳለፉ ጠብታ በጠብታ ያጠራቅሙ ነበር። ከዚያ ጨው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ምን አለፋዎት ሲስተር፣ የአፋር ጨው ሞልቶ የለም እንዴ! አንድ አሞሌ ጣል ያድርጉበት» አሉ። ሲስተር ወንበር ሰጥተው አስረዷቸው። የአፋር ጨው እውነትም የባሕር ልጅ ነው፤ ከቀይ ባሕር ተቆርጦ የቀረ ውሃ ሲደርቅ የተወው ነው። ነገር ግን ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በየተራ ይለያያሉ፤ መጀመሪያ ጂፕሰሙ፣ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፣ በመጨረሻ ፖታሲየሙና ማግኒዚየሙ። ከባሕር ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ 85 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም ያለው በቀረው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አሟልቶ የተቀመመ ጨው ከውጭ መጣ፤ ለሊትሩ 35 ግራም ገደማ፣ ለመላው ሳጥን ከ10 ኪሎ በላይ። ቀይ ባሕር ራሱ ከዚህም ይበልጣል፣ ወደ 40 ይጠጋል።

ውሃው ገባ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ፓምፑ ሞገድ ሠራ፤ ዓሣ ግን የለም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ባዶ ሳጥን አይቶ ይመለሳል። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ሲስተር፣ ዓሣው የት ሄደ?» ብትላቸው፣ «ዓሣው ገና ነው የኔ ልጅ፤ አሁን ውሃውን እያሳደግሁት ነው» አሏት።

እኔም ውሃ የሚያድግ ነገር መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ከዓሣና ከትርፍራፊ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ገዳይ ነው። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሲስተር በየማታው በሙከራ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው ጠብታ ይጨምራሉ፤ የወጣውን ቀለም ከካርዱ ጋር ያስተያያሉ፤ ከዚያ በሆስፒታል የለመዱትን የበሽተኛ ቻርት በሚመስል አኳኋን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ፒ ኤች፣ አሞኒያ። አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ። ናይትራይቱ ተከተለው። ሁለቱም ዜሮ የሆኑበት ማታ ቡና አፈሉልን።

መጀመሪያ የገቡት ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ቀጥሎ ለስላሳ ኮራል። አጥንታማው ኮራል በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ሲስተር ወረቀቱን ሳያሟሉ አንዲት ቅርንጫፍ አላስገቡም። ዓሣው መጨረሻ ላይ፣ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት በአውሮፕላን መጣ፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ቢጫ የቀይ ባሕር ክላውን ፊሽ፣ ጥንድ ሆኖ። ይህ ዓሣ በሳይንሳዊ ስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በሚቀጥለው ዓመት በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ተጓዥ ነው። ክላውን ፊሽ ሁሉ ሲወለድ ወንድ ነው፤ ከመካከላቸው ትልቁ ሴት ይሆናል፤ ሴቷ ከሞተች አጠገቧ ያለው ወንድ ተራውን ወደ ሴትነት ይለወጣል። ይህን ሲስተር ሲያወሩ የሰፈሩ ሴቶች ሳቃቸው በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር።

አጥንታማው ኮራል ከገባ በኋላ ጋሽ መርከበኛን ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። የካቲት 1982 ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ ባሕር አላዩም። ማታ ነበር፤ የክፍሉ አምፑል ጠፍቶ ሰማያዊው መብራት ብቻ በርቷል። ኮራሉ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ከየጉድጓዱ ጥቃቅን ክንዶቹን አውጥቶ ምግብ ይጠብቃል። ሲስተር በቀጭን ቱቦ ጥቂት ምግብ ሲለቁበት ክንዶቹ ይዘው ወደ አፉ አስገቡት። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ቡኒ ቀለሙ የሚመጣው በሥጋው ውስጥ ከሚኖር ዓይን የማያየው አልጌ ነው፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ከኮራሉ ጉልበት እስከ 90 ከመቶ የሚሆነው ከዚያ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣዋል፤ ሥጋው ጥርት ብሎ አጥንቱ ይታያል። ኮራል ነጣ ማለት ተራበ ማለት ነው።

ጋሽ መርከበኛ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ዳህላክ ላይ ከጀልባዋ አጎንብሰን የምናየው ይሄንኑ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ግን ባሕሩ ከእኛ ርቋል» አሉ።

«ኮራሉ እንኳ አለን፣ ጋሼ» አሉ ሲስተር። «ዳናኪል ዳር ዳሩን ቢሄዱ፣ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት ሳለ ያደገ ኮራል ድንጋይ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። ጨው የሚጭኑት ግመሎች የሚሄዱበት አገር ያን ጊዜ የዓሣ ሰፈር ነበር።» ከዚያ ማታ ጀምሮ ጋሽ መርከበኛ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይመጡ ነበር፤ ዓሣውን የሚመግቡትም እሳቸው ሆኑ።

ፒያሳ ላይ ባሕር ማኖር የራሱ ጠባይ አለው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ፓምፑ የውሃውን ፊት ያለማቋረጥ ማናወጥ አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ ማሞቂያው ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ይታገላል። በበጋ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። ካልሲየሙ በሊትር ከ400 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ የሚጨመረውን ዱቄት የምንመዝነው በጎረቤታችን ወርቅ ሠሪ ሚዛን ነበር፤ ወርቅ ለሚመዝን ሰው አንድ ግራም ትልቅ ነገር ስለሆነ ሥራውን ከልቡ ይሠራልናል።

መብራት ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ የባሕሩ ጠባቂ ይሆናል። ሲስተር ሳጥኑን በጋቢ ይጠቀልላሉ፤ በባትሪ የምትሠራው ትንሽ የአየር ፓምፕ አረፋ ትነፋለች። ልጆቹ ተራ ይዘው ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፤ አየር እንዲገባበት። ሻማ በርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሲስተር ጃካርታ ስለነበረው ሊ ቺን ኤንግ ያጫውቱናል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሕያው ድንጋይ (ባክቴሪያ የሚኖርበት ድንጋይ) እና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ኮራል ማኖር እንደሚቻል ለዓለም ያሳወቀ ሰው ነው። «እሱም ያለው ድንጋይና አየር ነበር፤ እኛም አለን» ይሉ ነበር። ከእነዚያ ልጆች ጆግ ይዞ ያንቀላፋ አላየሁም።

በ2016 የሰፈሩ ቤቶች ሲፈርሱ ባሕሩም ተነሣ። ውሃው በጄሪካን፣ ዓሦቹ በክዳን ባልዲ፣ ድንጋዩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ኮራል ሲቆረጥ አይሞትም፤ ቁራጩ በሙጫ ድንጋይ ላይ ከተያዘ ራሱን ችሎ ያድጋል። ሲስተር ትልቁን ኮራል ቆራርጠው፣ ሥራውን ለተማርነው ሁሉ አደሉን። እርሾ ከጎረቤት እንደሚወሰደው፣ ለአዲሱ ውሃ የሚሆን ባክቴሪያ ያለበት አንድ አንድ ድንጋይም ጨመሩልን። ሰዉ ወደ የካ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ አያት ሲበተን የፒያሳው ባሕር አብሮት ሄደ። አንዱ ቤት ውስጥ ኮራሉ ቢታመም ከሌላው ቤት ቁራጭ ይመጣል፤ ዛሬም የምንደዋወለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከድንጋዩ ጋር ሲስተር ለየአንዳንዳችን ባዶ ደብተር ሰጥተውናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጃቸው የጻፉት ይህ ነው፦ «መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ድንጋዩ፣ መጨረሻ ዓሣው።» አሁን በምኖርበት ግቢ ልጆች ሳጥኑን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሁሉም ዓሣ ልመግብ ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የማስይዛቸው ብልቃጡንና ደብተሩን ነው። ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያይቶ ቁጥሩን በትክክል የጻፈ ልጅ፣ ዓሣውን ለመመገብ ደርሷል።