አፈራችን የሰፈረበት ደሴት

ቱቲ ላይ ምሳ የሚበላው ከማሳው ዳር ነበር። ሎሚው ከዛፉ ሲቀጠፍ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ከነአፈሩ ሲነቀል፣ ዓሣው ከጀልባ ወርዶ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንግዳው ቆሞ ያይ ነበር፤ ከፈለገም እጅጌውን ሰብስቦ ያግዝ ነበር። “ኦርጋኒክ እርሻ” የሚል ሰሌዳ አልነበረም። የመግቢያ ትኬትም፣ የታተመ የምግብ ዝርዝርም አልነበረም። በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በካርቱም ሰሜን መካከል፣ ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ እምብርት ላይ፣ ወደ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደሴት ተቀምጧል፤ መሀሉ መንደር፣ ዙሪያው አትክልትና የሎሚ ዛፍ። ካየኋቸው ዋና ከተሞች እንዲህ ያለ ጓሮ ያለው የለም።

የሄድኩት ጥር 2012 ዓ.ም. ነው፣ የጥምቀት ሰሞን። ሐበሻ ይበዛበት በነበረው የካርቱም ሰፈር፣ በዴም፣ የልጅነት ጓደኛዬ ይኖር ነበር። ኦማር አልበሽር ከሥልጣን ከወረዱ ዓመት አልሞላቸውም። የዳቦና የነዳጅ ሰልፉ ረጅም ነው፤ የአብዮቱ ሥዕሎች ግን ገና ከየግድግዳው አልደበዘዙም፣ ሰዉ ሰልፍ ላይ ቆሞም ስለ ነገ ያወራል። ዓርብ ጠዋት ጓደኛዬ “ዛሬ ሁሉም ዝግ ነው፤ ቱቲ እንሻገር” አለኝ። በጥር ካርቱም ትወደዳለች። በሌላ ጊዜ ሰው የሚያቃጥለው ፀሐይ ይለዝባል፣ ማለዳው ሹራብ ያስመኛል፣ አትክልቱም የሚደርሰው በዚሁ ወር ነው።

ከአባይ ዳር ጎዳና ተነስተን ድልድዩን በእግር ተሻገርን። በብረት ገመድ የተንጠለጠለው ይህ ድልድይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰውም፣ አህያም፣ የሽንኩርት ጆንያም የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ወደ ኋላ ዞር ሲሉ የባንክና የሆቴል ሕንፃ፣ ወደ ፊት ሲመለከቱ የሎሚ ዛፍ ነው። መንደሩ ከከተማው ይቀድማል። መሐስ የተባሉት የኑብያ ሰዎች ደሴቲቱ ላይ የሰፈሩት ካርቱም የምትባል ከተማ ሳትኖር ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ካርቱም ባለችበት ዳርቻ መጀመሪያ የቁርዓን ትምህርት ቤት የከፈቱት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቱቲ የተሻገሩት ሼኽ አርባብ አል አቃኢድ እንደሆኑ ይነገራል። ስለዚህ የቱቲ ሰው ከተማዋን እንደ ልጁ ቢያያት አይፈረድበትም።

ጓደኛዬ የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት ማሳቸው በር ላይ ተቀበሉን። ነጭ ጀለቢያቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀዋል፤ እግራቸው ጭቃ ነው። “ያ ሐጅ” ብሎ ጓደኛዬ እጃቸውን ያዘ፤ ሰላምታው የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የጤናውን ነገር አዳርሶ እስኪያልቅ ሻይ ቀረበ። ከዚያ ማሳውን አስጎበኙን። ላይኛው ክፍል የፍራፍሬው ነው፦ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ግሬፕፍሩት፣ ማንጎ፣ ዘይቱን። ከዛፎቹ ሥር በቦይ ውሃ የሚገባባቸው አራት ማዕዘን መደቦች ተደርድረዋል። በእነሱ ላይ ጅርጅር የሚሉት ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ቅጠል፣ ሞሎኺያ፣ ባሚያ፣ ሽንኩርት በቅሏል። ውሃውን ከወንዝ የሚስበው ሞተር ነው፣ መሬቱን የሚያዳብረው የፍየልና የላም እበት።

ልቤን የወሰደው ግን ታችኛው ነው፣ ጀርፍ የሚሉት ተዳፋት ዳርቻ። አባይ በነሐሴ ሞልቶ ይሸፍነው ነበር። ክረምቱ አልቆ ውሃው መጉደል ሲጀምር፣ ትቶት የሄደው ደለል ገና እርጥብ ሳለ ገበሬው ይዘራበት ነበር። ወንዙ አንድ እርምጃ ሲሸሽ ገበሬው አንድ እርምጃ ይወርድ፣ አንድ ረድፍ ይጨምር ነበር። በጥር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ እንደ ቀን መቁጠሪያ ይነበባል፦ ላይኛው ረድፍ አደንጓሬው ተንዠርግጓል፣ መሀሉ አበባ ላይ ነው፣ ውሃውን የሚነካው ደግሞ ገና ሁለት ቅጠል አውጥቷል። እዚህ ማዳበሪያ አይገባም ነበር፤ ማረሻም አይነካውም ነበር። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ደለሉን ጨብጠው አነሱና እጄ ላይ አፈሰሱት። ደረቁ ልክ እንደ ዱቄት የላመ፣ ጥቁር ቡናማ ነው።

“ታውቀዋለህ? ከአገርህ የመጣ ነው” አሉኝ በአረብኛ፤ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ።

አውቀዋለሁ። ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ሙጋ ወንዝ አጠገብ ነው። ሐምሌ ላይ ደራሽ ሲመጣ አባቴ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ውሃው ዋልካውን ጠርጎ ሲወስድ ያይ ነበር። በማግስቱ ድንጋይ ለቅሞ እርከኑን ይጠግናል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይናድበታል። እኔ በልጅ አእምሮዬ ያ አፈር የጠፋ ነበር የሚመስለኝ፤ ቆላ ወርዶ፣ ገደል ገብቶ አለቀ። የሆነ ቦታ አርፎ አደንጓሬ ያበቅላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጀርፉ ላይ ተንበርክኬ ስነካው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ንዴት ግን አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው። አባቴ የለፋበት አፈር ባክኖ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተሰጠን። ቱቲ የሚመጣ እንግዳ የሚዝናናው በዚህ ነበር። ከኦምዱርማን ከነልጆቻቸው የመጡ ቤተሰቦች አብረውን ነበሩ፤ ሴቶቹ ጅርጅር በማጭድ ያጭዳሉ፣ ወንዶቹ ሽንኩርት ይነቅላሉ፣ ሕፃናቱ በአህያ ጋሪ ላይ ተጭነው ከመደብ መደብ ይዞራሉ። እኔ የደረሰኝ ሪጅላ መልቀም ነበር። ወፍራም ቅጠል ያለው፣ መሬት ላይ የሚሳብ፣ እኛ ዘንድ ከጓሮ ነቅለን የምንጥለው አረም ነው። እዚያ በክብር ይዘራል፣ በክብር ይለቀማል። ፀሐይ ከፍ ሲል ወደ ደሴቱ ዳር ወርደው ከአሸዋው ዳር የሚዋኙ አሉ፤ ወጣቶቹ ብስክሌት ይዘው በሎሚ ዛፎቹ መሀል ባለው ቀጭን መንገድ ይበራሉ። ማንም አይቸኩልም፣ ማንም “ጊዜያችሁ አልቋል” አይልም።

ምሳው ራኩባ ሥር ተነጠፈ፤ ራኩባ በእንጨትና በሣር የተሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ነው። ጠዋት የለቀምኩት ሪጅላ ከሥጋና ከምስር ጋር ተሠርቶ፣ በኪስራ ላይ ፈስሶ መጣ። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር ስስ እንጀራ ነው፤ ሊጡ ስለሚቦካ የእንጀራችን ኮምጠጥ ማለት አለው፣ ዓይን ግን የለውም። ቀጥሎ ወንዙ ያፈራው ቆሮሶ ተጠብሶ መጣ። ዓሣው ላይ ሎሚ ተጨመቀ፣ ሸጣ የሚሉት በርበሬ ተነሰነሰ፣ ጎኑ ላይ እፍኝ ሙሉ ጅርጅርና በኦቾሎኒ ድልህ የተለወሰ ቲማቲም ሰላጣ ተቀመጠ። ጣዕሙን መግለጽ ያስቸግረኛል። ጅርጅሩ ከተቆረጠ ሰዓት አልሞላውም፣ ምላስ ላይ ይፋጃል፤ ሎሚው የቅርፊቱ ዘይት ገና በእጅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሰላጣ በልቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላጣ የምለው ያንን ነው።

ቡናው ግን የራሳችን ነበር ማለት ይቻላል። ከኒም ዛፍ ሥር፣ በአጭር በርጩማ ላይ፣ ከሰሏን አንድዳ የተቀመጠችው ሴት ጎንደሬ ናት። በካርቱም ሻይና ቡና ከሚያፈሉት ሴቶች ውስጥ ሐበሾቹ ብዙ ነበሩ። ጓደኛዬን ስታይ “አንተ ደግሞ፣ ጥምቀት አልፎ ነው የምትመጣ?” አለችው።

“እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ፣ እህቴ። ከጎጃም ነው።”

“እሰይ! እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድም ዓለም። ዝንጅብል ይግባበት ወይስ እንደ አገራችን?”

ዝንጅብሉ ይግባ አልኳት። ሱዳኖች ቡናቸውን ዝንጅብል አብዝተው፣ በትንሽ ጀበና አፍልተው ነው የሚጠጡት፤ ከዓሣ በኋላ ደረትን ያሞቃል። ሁለተኛውን እንደ አገራችን አደረገችልኝ። ደሴቱን እንዴት እንደምትወደው ስታወራ “እዚህ ስቀመጥ ከተማው ድምፁ አይመጣም፤ የወንዙ ሽታ ብቻ ነው” አለች።

ከአሥር ሰዓት በኋላ አዛውንቱ በትንሽ ጀልባ ወደ ሞግረን ወሰዱን፣ ሁለቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነስቶ፣ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃውን ለፀሐይ ገብሮ፣ ደብዘዝ ብሎ በቀስታ ይመጣል። የኛው በጥር ጥርት ብሎ አረንጓዴ ሰማያዊ ነው። ሁለቱ እንደተገናኙ አይዋሃዱም፤ መስመራቸው እየታየ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። በነሐሴ ብትመጡ የእናንተው ቀይ ቡናማ ሆኖ ሌላውን ይገፈትረዋል አሉን። የአባይ ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ጥቁር አባይ ብቻውን በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሸከም ይገመታል። ለቱቲ ጀርፍ ሲሳይ የሆነው ይኸው አፈር ለሱዳን ግድቦች መከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረው ሮዛሪስ፣ ከፍታው እስኪጨመርለት ድረስ ከመያዝ አቅሙ ሢሶ ያህሉን ደለል ወስዶበታል።

አዛውንቱ መቅዘፊያውን አሳረፉና ጠየቁኝ። “ልጄ፣ ግድባችሁ ውሃውን እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ ውሃ ሳያልፍ መብራት አይሠራም። ደለሉንስ ትለቁታላችሁ?”

ስለ ህዳሴ ግድብ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም ተከራክሬያለሁ፤ ሁሉም ክርክር በሜትር ኩብ ነበር። ስለ አፈሩ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ከቁጣ አልነበረም። የጎርፍን ክፋት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ ሙላት የደሴቱ ሰው ሌት ተቀን ዳርቻውን በአፈርና በእንጨት እየደፈነ የተከላከለበት ነው፤ ዘፈን ተዘፍኖለታል። የ1988ቱን በዓይናቸው አይተዋል። በክረምት ወጣቶች በየዳርቻው እየተፈራረቁ ውሃውን የሚጠብቁበት ልማድ እስከዚያን ጊዜ ነበረ። “ሙላቱ ቢቀንስ ማን ይጠላል?” አሉ። “እኔ የምፈልገው እፍኙን ነው።”

እኔ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው ክረምት ማብቂያ፣ ጥቁር አባይ ካርቱም ላይ በመቶ ዓመት ገደማ ተለክቶ የማያውቅ ከፍታ ደረሰ፤ ቱቲም ተጥለቀለቀች፣ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኛ የፋሲካ ዋዜማ፣ በእነሱ የረመዳን መጨረሻ ሳምንት፣ በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። ደሴቱ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ ብቸኛው ድልድይ ሲዘጋ ነዋሪው ተከበበ፣ ብዙው ተሰደደ። ሠራዊቱ መልሶ የያዘው መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ነው። ጓደኛዬ በመተማ በኩል ወጥቶ አሁን ባሕር ዳር ይኖራል፤ ስንደዋወል መጀመሪያ የምናነሳው ያንን ሪጅላ ነው። የሰው ሕይወት ያለቀበትን ከተማ ሳስብ ቅድሚያ ማልቀስ የሚገባኝ ለሰዉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰዉን ግን ከዚያ ማዕድ ለይቼ ማሰብ አልችልም።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ኮርቻለሁ፤ ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ። አሁን ለአዛውንቱ ጥያቄ መልስ አለኝ። አብዛኛው ደለል ከግድቡ ጀርባ ይቀራል፤ ጀርፉ እንደ ላይኛው ማሳ በእበትና በቅጠል ብስባሽ መዳበር ይኖርበታል። ሙላቱን መግራት ይቻላል፣ እፍኙን መላክ ግን ከባድ ነው። ይህን ፊት ለፊታቸው ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ በስልክ የሚነገር አይደለም።

የቱቲ ጀርፍ አደንጓሬው በሚለቀምበት በጥር ወር፣ በደህናው ጊዜ የኛ አገር ገበሬ አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይከትራል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ሲከፈት አዛውንቱን ወደ ሙጋ ላመጣቸው አስቤያለሁ። እርከኑ ላይ ቆመው አፈሩ ከመነሻው እንዴት እንደሚያዝ ይዩ፣ እናቴ ቤት ምሳ ይብሉ፤ ሪጅላውንም ከጓሯችን እኛው እንለቅምላቸዋለን።