የሚጫን ቤት

በቀድሞው ልማድ መናፈሻ ማለት ዛፍና አበባ ነበር፤ አሁን ግን የቤት አሠራር ራሱ በመናፈሻ ውስጥ ለሕዝብ ይታያል። በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ በዚያን ጊዜ የነበሩትን የዘጠኙን ክልሎች ባህል የሚያሳዩ እልፍኞች አሉት። በለንደንም ሰርፐንታይን የተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙቀት ወራት አንድ አርክቴክት እየመረጠ በመናፈሻው ዳስ ያሠራል፤ ወራቱ ሲያልፍ ዳሱ ይነሣል። በ2017 እ.ኤ.አ. ተራው የደረሰው የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ፍራንሲስ ኬሬ፣ የመንደር ሰው የሚሰበሰብበትን የዛፍ ጥላ አስቦ ሠራ።

እኔ ግን ይህን ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ አዋሽ ሸለቆ ነው። ተተክሎ የሚነሣ ዳስ ለአፋር ሰው ምን ያስደንቀዋል? ዳቦይታ የሚባለውን ቤት የምትሠራው ሴቲቱ ናት። ቀጫጭን እንጨቶችን አጉብጣ ታስራለች፣ የዘንባባ ሰሌን ታለብሳለች፤ ቅርጹም የተደፋ ቅል ይመስላል። ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ በሚነሣበት ቀን ቤቱን ፈትታ በግመል ትጭነዋለች።

ከአሳይታ የክልሉን መቀመጫነት የተረከበችው ሰመራ በአብዛኛው በሲሚንቶና በቆርቆሮ ተሠራች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ቀን ቆርቆሮ ምን እንደሚሆን ከሥሩ የተቀመጠ ጸሓፊ ይናገር! በአዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡሩ ዘመን ሰዎች የሠሩት የጣቢያው ቡፌ እንኳ፣ ባዕድ ሆኖ ሳለ፣ በረንዳ አውጥቶ ጥላን አክብሯል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ግንብ ተሰነጠቀ፤ ብዙ ሺሕ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እንጨትና ሰሌን ቢወድቅ እንደ ድንጋይ አይጨፈልቅም። ዳቦይታ ሁሉን ይተካል አልልም፤ ሐኪም ቤት በግመል አይጫንም። ነገር ግን ከእርሱ ሳይማሩ በዚያ አገር ሐኪም ቤት ማቆም ደግሞ ድፍረት ይመስለኛል።

ስለዚህ በሰመራ የዳስ መናፈሻ ቢቆም እወዳለሁ። በየዓመቱ ባለሙያዎቹ እናቶች ዳቦይታ ይትከሉ፣ ይፍቱ፣ ይጫኑ፤ ቆሞ ብቻ የሚታይ ዳቦይታ ግማሹ ነውና። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶችም ከአጠገባቸው የየራሳቸውን ዳስ ሠርተው ሐሩሩ በበረታበት ወር በሙቀት መለኪያ ይፈተኑ። ከሁሉ የቀዘቀዘው ዳስ አሠራር ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት ንድፍ ይሁን። ለእናቶቹም እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ ይቈረጥላቸው፤ ገንዘቡም ከመናፈሻው በጀት መጀመሪያ ይመደብ፣ ከአበባውና ከፏፏቴው በፊት።